አንዲት ጥያቄና ሦስት ጆንያ ለውዝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥቅምት ወር መጨረሻ ነው። ዛሬም ቢሆን ቅጽ ስሞላ፣ የባንክም ይሁን የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ «አዎ» እና «የለም» የሚሉት ሁለት ሳጥኖች ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም መጀመሪያ ያወቅነው እኔና አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነን።

ቤኒሻንጉል ውስጥ፣ ከመንጌ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የተወለድኩት ባምባሲ ነው። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ጠመኔዎቼን እንኳ በቀለም ለይቼ ነው የማስቀምጠው። የሥራ ባልደረቦቼ «አንቺ እኮ ሕልምሽንም በፕሮግራም ነው የምታይው» ይሉኛል።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የዓመቱን ዕቅዴን በቁጥር ጽፌ ከአልጋዬ ራስጌ እለጥፋለሁ። የፈጸምኩት አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። የዚያን ዓመት ዕቅዶቼ ሰባት ነበሩ። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «ደም መለገስ፤ መጀመሪያ ራሴ፣ ከዚያ ከቀበሌው ቢያንስ አምስት ሰው።»

አራተኛው ዕቅድ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። በቀደመው ዓመት አንድ መምህር ባልደረባችን ከሞተር ሳይክል ወድቆ ሆስፒታል ሲገባ ደም ተጠየቅን። ስድስት አስተማሪዎች ቆመን አንዳችንም የደም ዓይነታችንን አናውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ደሙ ከሌላ ሰው ተገኝቶ ተረፈ። እኔ ግን ስለ ደም ዝውውር ሰሌዳ ሙሉ ሥዕል የምሥል ሰው ያን ቀን አፈርኩ። ወዲያው አሶሳ ውስጥ ደም ለጋሾችን በሚያሰባስብ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በፈቃደኝነት ተመዘገብኩ። የማኅበሩ ሰዎችም «ቀበሌሽ ድረስ ቡድን ይዘን እንመጣለን፤ አንቺ ሰዉን አዘጋጂ» አሉኝ።

አዘጋጀሁ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ሰዉን ሰብስቤ፣ ሥዕል ሰቅዬ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ምን እንደሆነ ሳይቀር አስረዳሁ። ስጨርስ ሼህ ኢድሪስ እጃቸውን አነሡ። ሼህ ኢድሪስ ለውዝና ማሽላ የሚያርሱ የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው። የአፍ መፍቻቸው በርታ ነው፤ አማርኛን የለመዱት በገበያና በስብሰባ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። እሳቸው ያደረጉትን ሰዉ ያደርጋል።

«ቲቸር፣ አንተ ብዙ አስረዳ። ጥሩ ነው» አሉ። «ግን አንተ ራስህ ደም ሰጥተህ ታውቃለህ?»

«አይ ሼህ፣ ገና ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ።

«እሺ። አንተ መጀመሪያ ስጥ። እኛ ቆሞ ያያል። አንተ ካልወደቀ፣ ኢንሻአላህ እኛም ይሰጣል።»

በዚህ ተስማማን።

ከዚያ መስከረም ሊያልቅ ሲል ወባ ያዘኝ። ይህን ለደጋ አንባቢ ማስረዳት ይኖርብኛል። እኛ ዘንድ ወባ ወሬ አይሆንም። ሰው «የት ጠፋህ?» ሲባል «ወባ ይዛኝ ነበር» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞራል። እኔም የሦስት ቀን መድኃኒቴን በሰዓቱ ዋጥኩ፤ በአራተኛው ቀን ክፍል ገባሁ፤ ረሳሁት።

የደም ቡድኑ የመጣው ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ተጣጣፊ አልጋዎች ተዘረጉ። የተራ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንደኛ እኔ፣ ሁለተኛ ሼህ ኢድሪስ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ከአሶሳ ደም ባንክ ከቡድኑ ጋር የመጣችው ነርስ ሲስተር መሠረት «አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ራስሽ ሙዪው» ብላ ቅጹን ሰጠችኝ።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እየመለስኩ ወረድኩ። ከመጨረሻው ከፍ ብሎ «በቅርብ ወራት የወባ ሕመም ነበረብዎት?» የሚል ነበር።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ጥያቄው ለምን እንደተጻፈ አውቃለሁ። ቀና ስል ሼህ ኢድሪስ በሩን ተደግፈው ያዩኛል፤ ከኋላቸው አሥራ ምናምን ሰው ተሰልፏል። አሁን ተነሥቼ ብወጣ «ቲቸሯ ፈራች» ይባልና ሁሉም ይበተናል። አራተኛውም ዕቅድ ባዶውን ይቀራል። ደግሞም መድኃኒቴን ጨርሻለሁ፤ ድኛለሁ፤ ምን አለበት? እንዲህ እያልኩ «የለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ።

ደም ሰጠሁ። አልወደቅኩም። ሼህ ኢድሪስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተከተሉኝ። «የሳይንስ መርፌ ወፍራም ነው!» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሌሎቹን ሲስተር መሠረት በቃል ነበር የምትጠይቃቸው። ሦስት ሰዎች «ባለፈው ወር ወባ ይዞኝ ነበር» ብለው እውነቱን ተናገሩና ተመለሱ። እኔ ለለጋሽ የሚሰጠውን ለስላሳና ብስኩት ይዤ ሲወጡ አየኋቸው። የአንዳቸውንም ዓይን ግን ለማየት አልደፈርኩም።

ያም ሆኖ ማታ ቤቴ ገብቼ አራተኛው ዕቅድ አጠገብ ቀዩን ምልክት አደረግሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ብርድ እያለኝ ነቃሁ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነገሩ ስለገባኝ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ሙስጠፋ የሚባለው የጤና ባለሙያ ጣቴን ወግቶ መረመረና ሳቅ አለ።

«ቲቸር፣ ወባሽ ናፍቀሻት ተመልሳ መጥታለች። አንዳንዷ እንዲህ ናት፤ የሄደች መስላ ጉበት ውስጥ ትደበቃለች።»

«ማክሰኞ ደም ስሰጥም ነበረችብኝ ማለት ነው?»

መድኃኒቱን እየጠቀለለ የነበረው እጁ ቆመ። «ደም ሰጥተሻል? ስለ ወባ አልጠየቁሽም እንዴ?»

«ጠይቀውኛል።»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አልጠየቀኝም።

«በላቦራቶሪ አይታይም?» አልኩት።

«ደሙ ለሌሎች በሽታዎች ይመረመራል። ወባን ግን በዋናነት የሚለዩት ሰጪው እውነቱን ሲናገር ነው። አንቺን ሦስት ቀን ታስተኛሻለች። ደም የሚሰጠው ግን ለማን ነው? ደም ለፈሰሳት ወላድ፣ ደም ላነሰው ሕፃን። ለእነሱ ይቺ ወባ ሌላ ናት።»

በደም ለጋሽነት ካርዴ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ደወልኩ። ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። የጤና ጣቢያው ሞተር ለክትባት ወጥቷል። ሙስጠፋ መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልሎ እጄ ላይ አደረገና «ቅዳሜ አይደል? የአሶሳ ገበያ ሚኒባስ አልሄደች ይሆናል። ሩጪ» አለኝ።

ሮጥኩ። ሚኒባሷ ቆማለች። ሹፌሩ ከማል ተደግፏት ቆሎ ይቆረጥማል።

«ከማል፣ አሁን እንሂድ።»

«ሦስት ሰው ይቀራል ቲቸር። ሲሞላ ነው።»

«እባክህ፣ የሚያስቸኩል ነገር ገጥሞኝ ነው።»

«የገበያ ቀን ማንን የማያስቸኩል አለ? ደግሞ አሞሻል መሰለኝ፤ ግቢና ተቀመጪ፣ አሁን ይመጣሉ።»

ተቀመጥኩ። ሼህ ኢድሪስ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ለውዛቸው ጣሪያው ላይ ተጭኗል። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ደቂቃ አለፈ። አንድም ሰው አልመጣም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደሙ አሁን የት ነው? ማቀዝቀዣ ውስጥ? በመንገድ ላይ? ወይስ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ እያለ? አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን መቀመጥ አቃተኝና ቆምኩ።

«ስሙኝ» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ግማሹ ብርድ ነው። «ማክሰኞ ደም ስሰጥ ወባ አልነበረብኝም ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። ነበረብኝ። አሁንም ደሜ ውስጥ አለች። ደሙ ለታመመ ሰው ሳይሰጥ አሶሳ መድረስ አለብኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት በበርታ አንድ ነገር አለች። በርታ ብዙ ባልችልም ያቺን ቃል አውቃታለሁ፤ «ለምን?» ነው ያለችው።

ሼህ ኢድሪስ በሩን ከፍተው ወረዱ። ከእኔ ጋር አንድ መኪና ውስጥ መቀመጥ የጠሉ መሰለኝ። እሳቸው ግን ቀና ብለው ጣሪያውን አሳዩ።

«ከማል፣ ጆንያውን አውርድ። ሦስቱን።»

«ሼህ፣ አሁን ነው እኮ ያሰርኩት!»

«አውርድ።»

ወረዱ። ሼህ ኢድሪስ አንዱን ጆንያ ከአጠገቤ፣ ሁለቱን ከኋላ ባሉት ባዶ ወንበሮች ላይ አስቀመጧቸው።

«ሦስት ሰው ነው የጎደለው? ይኸው ሦስት ሰው። ሒሳቡ ከእኔ።»

«ጆንያ እኮ ሰው አይደለም፣ ሼህ!»

«ከአንዳንድ ሰው ይሻላል። ጆንያ አይዋሽም። ንዳ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። አጠገቤ ያለው ጆንያ በየጉድጓዱ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል፤ መልሼ አቆመዋለሁ። ትኩሳቱ እየጨመረ ሲሄድ ማቆሙንም ተውኩትና ተደጋግፈን ሄድን። ሼህ ኢድሪስ ዞር ሳይሉ የአንገት ልብሳቸውን ወደ ኋላ ወረወሩልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኬላው ላይ ውረዱ ተባልን፤ መታወቂያ። የእኔ መታወቂያ ቤት ቀርቷል። ቦርሳዬን ማታ ማታ በዝርዝር የማዘጋጅ ሰው፣ ያን ቀን የያዝኩት የለጋሽነት ካርዴን ብቻ ነው። ለፖሊሱ ሰጠሁት። ገልብጦ አየው።

«ደም ለጋሽ ነሽ? ጎበዝ!» ብሎ በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ሼህ ኢድሪስ ከጎኔ ቆመው ሰምተዋል። እንደዚያ «ጎበዝ» የከበደኝ ቃል የለም።

አሶሳ ገበያ አጠገብ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩና ደም ባንኩ ደረስኩ። ተረኛዋ ራሷ ሲስተር መሠረት ነበረች። ፊቴን ስታይ ወንበር ሳበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ሲስተር፣ ቅጹ ላይ ዋሽቻለሁ። ወባ ነበረብኝ። ዛሬም ተገኝቶብኛል።»

ካርዴን ተቀብላ መዝገቡን ገለጠች። ጣቷ መስመሩን ይዞ ወረደና ቆመ።

«ጠዋት ወጥቷል» አለች። «ሆስፒታል፣ ሕፃናት ክፍል።»

ስልኩን አነሣች። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። እንደገና ደወለች። ይጠራል። መነሣቷን እንኳ አላየሁም፤ በሩ ላይ ሆና «ነይ!» ስትለኝ ነው የሰማሁት። ያመጣኝ ባጃጅ ገና አልሄደም ነበር።

የሕፃናት ክፍሉ መጨረሻ አልጋ ላይ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታለች። የእጇ መዳፍ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ደሙ መስቀያው ላይ ተሰቅሏል። አንዲት ነርስ አልጋው ሥር ተንበርክካ የልጅቷን ክንድ ይዛለች።

«የደም ሥሯ አልገኝ ብሎኝ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።»

«አቁሚው» አለች ሲስተር መሠረት። «ይህ ደም አይሰጥም።»

የልጅቷ እናት ከተቀመጠችበት ተነሥታ መስቀያውን በሁለት እጇ ያዘች።

«የት ይሄዳል? ልጅ ደም የለውም አላችሁ። ከመንደር ድረስ ተሸክሞ መጣ። አሁን ደሙ መጣ፤ እናንተ ይወስዳል?»

«እናቴ፣ ሌላ እናመጣለን» አለቻት ሲስተር።

«ሌላ ይምጣ፣ ከዚያ ይሄ ይሂድ!»

አልለቀቀችም። ነርሷም ሲስተርም ይለምኗታል። እኔ ቀረብኩ።

«ደሙ የእኔ ነው» አልኳት። «በሽታ አለበት። በሽታ እንዳለበት ሳልናገር ሰጠሁ። ልጅሽን ይጎዳታል።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ላቤን፣ የሼህ ኢድሪስን የአንገት ልብስ አየች። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ አላቀቀች።

ሲስተር መሠረት የእኔን ከረጢት ይዛ ወጣች። የዚያ ዓይነት ደም አንድ ብቻ እንደቀረ፣ ከልጅቷ ደም ጋር መስማማቱም መታየት እንዳለበት ነግራን ነበር። ጠበቅን። በጣም ያስፈራኝ ነገር ልጅቷ አለማልቀሷ ነው። ነርሷ እግሯን፣ ደግሞ እጇን ስትወጋት ጣሪያውን ብቻ ታያለች። ክፍል ውስጥ «ዝም በሉ!» እያልኩ የምጮህ ሰው፣ አንዲት ልጅ እንድትጮህ ለመንኩ።

በመጨረሻ ሥሩ እግሯ ላይ ተገኘ። ሲስተር መሠረትም ተመለሰች። ከረጢቱን ስትሰቅለው ቁጥሩን አየሁት። ከእኔ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ነው። ስም አይጻፍበትም፤ ግን ተራውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ማን እንደነበር አውቃለሁ።

ሲስተር መሠረት ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ መድኃኒት ጀምረሻል?»

ሙስጠፋ የሰጠኝ ጥቅል ጠዋት እንደተጠቀለለ ኪሴ ውስጥ ነው። ውኃ አምጥታ አስዋጠችኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጅቷ አለቀሰች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ክፍሉን እስክታናውጥ። ሌሎቹ እናቶች ሁሉ ዞሩ። የእሷ እናት ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

ሚኒባሷ ጋ ስደርስ ሼህ ኢድሪስ ለውዛቸውን ሽጠው ባዶ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ደረስክ?»

«ደረስኩ።» ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሁለተኛው ደም የእርስዎ ነው፣ ሼህ» አልኩ መጨረሻ ላይ።

እጅጌያቸውን ገልጠው ክንዳቸውን አዩት። የመርፌው ምልክት ገና አልጠፋም።

«አንተ ባይዋሽ ማክሰኞ እኔ አይሰጥም ነበር» አሉ።

የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ቀና አልኩ።

«ግን ለዚህ አላመሰግንህም» አሉ። «ልጆቻችን ፈተና ሲኮርጅ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«ወረቀታቸውን እሰርዛለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ቀን እንደገና እፈትናቸዋለሁ።»

«እሺ። የአንተም ተሰርዟል» አሉና ጆንያቸውን ይዘው ገቡ። በመመለሻው ከማል ሚኒባሷ እስክትሞላ ድረስ ጠበቀ፤ ያጉረመረመ የለም።

ልጅቷ ከቀናት በኋላ በደህና ወደ ቤቷ እንደሄደች ሲስተር መሠረት ነግራኛለች። እኔ ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ቡድኑ እንደገና ሲመጣ ማንጎው ሥር ቆሜ ያደረግሁትን ሁሉ ለሰዉ ተናገርኩ። አንዳንዱ ተነሥቶ ሄደ፤ «ቲቸሯ ራሷ እንዲህ ከሆነች» ሲል የሰማሁትም አለ። ከመጀመሪያው ቀን ያነሰ ሰው ነው የሰጠው። አንደኛ የተሰለፉት ሼህ ኢድሪስ ናቸው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ደም አልሰጠሁም፤ ወባ በየወቅቱ ትጎበኘኛለች። በየመስከረሙ ግን አራተኛውን ዕቅድ እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦ «ጥያቄዎቹን ለእያንዳንዱ ሰው ጮክ ብዬ ማንበብ፤ መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ።» ቀይ ምልክት አላደርግበትም።

በቅርቡ ቡድኑ ሲመጣ አዲስ የተቀጠረች አስተማሪ ተራዋ ደረሰና የወባውን ጥያቄ አነበብኩላት። ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ ዞር ብላ አየች። አልቸኮልኩም።

«ባለፈው ወር ትንሽ አሞኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ይቆጠራል እንዴ?»

«ይቆጠራል» አልኳትና ለስላሳና ብስኩት ሰጠኋት።

«ቲቸር!» አሉ ሼህ ኢድሪስ ከሰልፉ ውስጥ። «ደም ሳይሰጥ ለስላሳ ይጠጣል?»

«አዎ ሼህ።»

«እንዲህ ነው? እንግዲያው እኔም ወባ ይዞኛል!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያም ሆኖ ያን ቅዳሜ ነርሷ የልጅቷን ሥር በመጀመሪያው መርፌ አግኝታው ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ይበርደኛል። ወባ ሳይኖርብኝም ይበርደኛል።